በሩን የሚዘጋው ማን ነው? አካል ጉዳት፣ ፍቅርና አንድ ፊልም

ወሎ በፍቅር ዘፈን አይታማም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከደጃችን ነው። በሠርግ ሰሞን ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ የመኪና ጥሩንባ ጆሮ ያደነቁራል። እንዲህ ባለው አገር በክራንች የምትሄድ የሠላሳ ዓመት ሴት «እኔም ማግባት እፈልጋለሁ» ብትል ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። አንዱ ዓይኑን ወደ ስኒው ያወርዳል፤ ሌላዋ «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያውቃል» ብላ ጨዋታውን ወደ በርበሬ ዋጋ ታዞረዋለች።

ይህ ጽሑፍ ቤቱን ጭጭ ስለሚያሰኘው ጉዳይ ነው፤ ስለ አካል ጉዳት፣ ስለ ገላ ለገላ መቀራረብና ስለ ፍቅር ፍለጋ። መንገድ እንዲመራን የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ዘ ሴሽንስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ነው። ያየሁት እዚሁ ደሴ፣ ከጥቂት ወዳጆች ጋር በላፕቶፕ ሲሆን ከመካከላችን ሁለቱ በዊልቸር የሚሄዱ ነበሩ። ከዚህ በታች ከምጽፈው ብዙው የበሰለው ከፊልሙ በኋላ በተነሳው ክርክር ነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ማርክ ኦብራየን የተባለ ገጣሚና ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1949 ቦስተን ተወለደ፤ በ1955፣ በስድስት ዓመቱ፣ ፖሊዮ ያዘው። ያው ዓመት የጆናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባት እንደሚሠራ ለዓለም የታወጀበት ዓመት ነው። ዕጣ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ማርክ ከአንገቱ በታች የሚታዘዝለት ጡንቻ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ አብዛኛውን ቀንና ሌሊቱን በሙሉ የሚያሳልፈውም በብረት ሳንባ ውስጥ ነበር። እንዲያም ሆኖ በርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በተንቀሳቃሽ አልጋ እየተመላለሰ ተመረቀ፤ በአፉ በያዘው እንጨት የጽሕፈት መኪና እየመታ ግጥምና መጣጥፍ ጻፈ። ፊልሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990 «ዘ ሰን» በተባለ መጽሔት ባሳተመው ጽሑፉ ላይ ነው። ጽሑፉ በሠላሳዎቹ ዕድሜው መገባደጃ፣ ሴት ቀርቦ የማያውቅ ሰው ሆኖ፣ ይህን ለመለወጥ ያደረገውን ሙከራ ያለ እፍረትም ያለ ጉራም ይተርካል።

የብረት ሳንባው እንዴት እንደሚሠራ ካልተረዳን ፊልሙ ግማሹ ያመልጠናል። ሰውየው ጭንቅላቱ ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ አካሉ በሙሉ አየር በማያስገባ በርሜል ውስጥ ይተኛል። ፓምፑ ከበርሜሉ ውስጥ አየር ሲስብ ደረቱ ወደ ላይ ይነፋል፤ ደረት ሲነፋ ደግሞ ሳንባ በአፍንጫና በአፍ በኩል አየር ይጎትታል። ፓምፑ አየሩን ሲመልስ ደረት ይረግብና ትንፋሽ ይወጣል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1928 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ ፓምፑ ዝም ይላል። ይህን ትዕይንት አሜሪካዊ ተመልካች እንደ አንድ ድንገተኛ አደጋ ያየው ይሆናል። ደሴ ላይ ግን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አንድ ላይ «ወይኔ!» ነው ያልነው። መብራት ሲጠፋ የሚቆመው እንጀራ መጋገሪያው ብቻ ያልሆነበትን ቤት ለመገመት ጊዜ አልወሰደብንም።

አሁን ወደ ዋናው አለመግባባት። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ስለ አካል ጉዳተኞች ከሚነገሩት ሁሉ የከፋው ግምት «እነሱ እንዲህ ያለው ስሜት የላቸውም» የሚለው ነው። ይህ ግምት በሕክምና ዓይን ሲታይ የማርክን ዓይነት ሰው ፈጽሞ አይመለከትም። የፖሊዮ ቫይረስ የሚገድለው ጡንቻን የሚያዙ የነርቭ ሕዋሳትን ነው፤ የመነካትን፣ የሙቀትን፣ የሕመምን ስሜት የሚያመላልሱትን አይነካም። ስለዚህ በፖሊዮ እግሩ የሰለለ ሰው እግሩ ይታመመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሲዳሰስ ይሰማዋል። ማርክም እጁን ማንሳት አይችልም እንጂ ገላው ላይ ያረፈች ዝንብ ትሰማው ነበር። ኢትዮጵያ ከተፈጥሮ ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት የተያዙ ብዙ ጎልማሶች ዛሬም ፒያሳ ላይ በክራንች ሲሄዱ እናያቸዋለን። እነዚህ ሰዎች በፍቅርም ሆነ በመኝታ የሚያግዳቸው የነርቭ ችግር የለም። ልጅም ይወልዳሉ፤ ፖሊዮ ደግሞ በዘር አይተላለፍም።

የኅብለ ሰረሰር፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ከሐረጎ ቁልቁለት የመኪና አደጋ፣ ከሕንፃ መወጣጫ መውደቅ፣ በ2014 ዓ.ም ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ የመጣው ጦርነት፤ በእኛ አካባቢ ጀርባው የተመታ ሰው እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለው ጉዳት እንቅስቃሴንም ስሜትንም ሊወስድ ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚወስድ የሚወስነው የተጎዳው ቦታ ከፍታና ጉዳቱ ሙሉ ወይም ከፊል መሆኑ ነው። ወንዶች ሁሉ የሚጠይቁትን፣ ግን በሕክምና ክፍል ውስጥ አፋቸውን ሞልተው የማይጠይቁትን ጥያቄ በግልጽ ልመልሰው። የወንድ ብልት የሚቆመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በመነካት ሲሆን ትእዛዙ የሚመጣው ከኅብለ ሰረሰር ታችኛው ጫፍ ነው፤ አንጎል ባይሳተፍም ይሠራል። ሁለተኛው በማሰብና በማየት ሲሆን ከአንጎል ተነስቶ በኅብለ ሰረሰር ይወርዳል። ጉዳቱ ከላይ ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ታችኛው ጫፍ ራሱ ከተመታ ደግሞ የመጀመሪያው ይጠፋና ሁለተኛው በከፊል ሊቀር ይችላል። ለብዙዎች ሲልዴናፊል የተባለው መድኃኒት ይሠራል፤ ናይትሬት ያለበት የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚዋጥ አይደለም። ከመቆም ይልቅ የሚያስቸግረው የዘር ፈሳሽ መውጣት ነው፤ ልጅ ለሚፈልጉ ለዚህም የሕክምና ዘዴ አለ።

ስለ ሴቶች የሚጠይቅ ሰው አላገኘሁም፤ ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል። ኅብለ ሰረሰሯ የተጎዳ ሴት የወር አበባዋ ለተወሰኑ ወራት ሊቋረጥ ይችላል፤ ከዚያ ይመለሳል፤ የመፀነስ ችሎታዋም እንደነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ የቤተሰብ ምጣኔ ለእሷም ያስፈልጋታል። «አንቺ ደግሞ ምን ያደርግልሻል» ብሎ የሚመልሳት ባለሙያ ከሳይንሱ ጋር ነው የተጣላው። ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ በላይ ከሆነ በምጥ ጊዜ የደም ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ፣ ራስ ምታትና ላብ ሊያጣድፍ ይችላል። ይህ አደገኛ ነው፤ የሚያዋልዳት ሰው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ፊልሙ ወዳነሳው አከራካሪ ነገር እንግባ። ማርክ የሚሄደው ወደ ሴተኛ አዳሪ አይደለም። በአማካሪ ሐኪም አማካይነት የሚያገኛት ሸሪል ኮኸን ግሪን፣ በሥነ ወሲብ ሕክምና ውስጥ «ተተኪ አጋር» የሚባል ሥራ የምትሠራ ሴት ናት። ሥራው የመነጨው ዊሊያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ካሳተሙት የሕክምና ዘዴ ነው። ሦስት ሰዎች አሉበት፤ ታካሚው፣ ተተኪ አጋሯና ሁለቱንም የሚከታተል ባለሙያ። የሚጀመረው በመተንፈስ፣ ገላን በማወቅ፣ በመነካት ልምምድ ነው። የቀጠሮው ቁጥርም አስቀድሞ ይገደባል፤ በፊልሙ ከስድስት እንዳይበልጥ ይስማማሉ። ሸሪል በፊልሙ ልዩነቱን ስታስረዳ ነገሩ ቀላል ነው፦ ሴተኛ አዳሪ ደንበኛዋ ተመልሶ እንዲመጣ ትፈልጋለች፤ እሷ ግን እንዳይመለስ ነው የምትሠራው። ይህ ሥራ በአብዛኛው ዓለም በሕግ የጠራ ቦታ የለውም፤ ባለሙያዎችም ተከፋፍለውበታል።

እኔ ይህን ሥራ ወደ ደሴ አምጡልን የምል ሰው አይደለሁም። የሚገርመው ግን ፊልሙም ይህን አይልም። ቀጠሮዎቹ እየገፉ ሲሄዱ ስሜት ይገባበታል፤ እሱ ይወዳታል፣ እሷም ባለትዳር ሆና ሳለ ትንገዳገዳለች፤ ከታቀደው ቀድመው ያቆማሉ። ማርክ የሚያገኘው ፍቅርን አይደለም፤ ፍቅርን መጠየቅ እንደሚችል ማመንን ነው። ኋላም ሱዛን የምትባል ሴት ያገኛል፤ በእውነተኛው ሕይወቱም እ.ኤ.አ. በ1999 እስኪሞት አብራው የነበረች ሴት ነበረች።

ማርክ ካቶሊክ ነው። ከመጀመሩ በፊት ካህኑን ያማክራል፤ ካህኑም ከራሱ ጋር ታግሎ ይፈቅድለታል። ይህን ትዕይንት እኛ ዘንድ ብዙ ሰው አይቀበለውም፤ ያን ማታም ረጅሙ ክርክር እዚህ ላይ ነበር። ከወሎ ሼህም ሆነ ቄስ ፊት የሚቀርብ ወጣት የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ ልጄ፣ አግባ። መልሱ ቀና ነው፤ እኔም የምከራከረው የለኝም። ነገር ግን ኒካሑም ሆነ ተክሊሉ የሚደርሰው ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ነው። ለዚያች በክራንች ለምትሄደው ሴት ሽማግሌ የላከ አለ? ለወንዱስ «ልጃችን ደርሷል» ብሎ ቤት የሚያንኳኳ አባት አለ? «አግባ» የሚለው ምክር ለጎረምሳው ሁሉ ይሠራል፤ ለእነሱ ግን ከአፍ አይወርድም። ዝሙትን የምናወግዘውን ያህል ጋብቻን ካልከፈትንላቸው ያስቀመጥናቸው መሄጃ የሌለው መንገድ ላይ ነው።

ከፊልሙ ሁሉ ልቤን የያዘው ትዕይንት የመስታወቱ ነው። ሸሪል ትልቅ መስታወት አምጥታ ማርክ ገላውን በሙሉ እንዲያይ ትይዝለታለች። ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱን እንዲህ አይቶ አያውቅም። እናቱ አይታዋለች፣ ነርሶች አይተውታል፣ የሚያጥቡት ረዳቶች በየቀኑ አይተውታል፤ ያላየው እሱ ብቻ ነው። የጉዳዩ እምብርት ይመስለኛል። ለሁሉም ነገር ረዳት የሚያስፈልገው ሰው ገላው በየቀኑ ይነካል፤ ይታጠባል፣ ይገላበጣል፣ ይለበሳል። የሚነካው ግን ለሥራ ነው፤ «ላንተ ስል» ብሎ የሚነካው የለም። ገላው የሁሉም ሆኖ የእሱ ሳይሆን ይቀራል።

ፍቅር ቢያንስ የሚዘጋ በር ይፈልጋል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከእናትና ከሦስት እኅትማማች ጋር የምትኖር፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ታናሽ እኅቷ የምታደርሳት ሴት በር የላትም። ስልኳን ወንድሟ ነው የሚሞላላት፤ የሚደወልላትንም ያያል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታጅባ ነው፤ ሐኪም ቤትም ስትገባ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለአጃቢዋ ነው። ቤተሰቡ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከማንም በላይ የደከመላት እሱ ነው። ግን የሚንከባከብ እጅ ቀስ በቀስ የሚፈቅድና የሚከለክል እጅ ይሆናል፤ ማንም ሳይወስን። በሠላሳ ዓመቷም «ልጃችን» ናት። ከወዳጆቼ አንዱ ያን ማታ ያለውን ላስፍረው፦ «ሚስት ማግኘት አይደለም ችግሬ፤ ከቤት ስወጣ የት እንደምሄድ ለሰባት ሰው ማስረዳቴ ነው።»

መውጣቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ የተቀመጠች ዳገት ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ይጨመርበታል። ካፌው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው እጀታ የለውም። ዊልቸሩን የማይጭን ባጃጅ ብዙ ነው። ሰው ከሰው የሚተዋወቀው ደግሞ በካፌ፣ በሠርግ፣ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ነው። በዚህ ረገድ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሚበዛት፣ ፋብሪካም ስላላት ትሻላለች፤ ደመወዝ ያለው ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያድራል፣ ቤት ይከራያል፣ በሩንም ራሱ ይዘጋል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624/2001) ሕዝብ የሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል፤ የሥራ ስምሪት አዋጁ (ቁጥር 568/2000) በቅጥር አድልዎን ይከለክላል። እነዚህ ሁለት ሕጎች ስለ ፍቅር አንድ ቃል አይናገሩም፤ ከማውቃቸው ሕጎች ሁሉ ግን ለፍቅር የሚጠቅሙ እነሱ ይመስሉኛል።

በቀጥታ የሚናገረው ሕግ ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። አንቀጽ 22 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንቀጽ 23 ለጋብቻ የደረሰ አካል ጉዳተኛ በነፃ ፈቃዱ የማግባት፣ ቤተሰብ የመመሥረት፣ ስንት ልጅ መቼ እንደሚወልድ የመወሰን መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአካል ጉዳት ምክንያት ብቻ ልጅን ከወላጅ መለየትንም ይከለክላል። አንቀጽ 25 ከሌላው ሰው እኩል የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት እንዲያገኙ ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ስላደረጋቸው ይህ ሁሉ እዚህም ይሠራል። በቤተሰብ ሕጋችንም ጋብቻ የሚጸናው በሁለቱ ተጋቢዎች ሙሉ ፈቃድ ነው፤ ዕድሜውም 18 ነው። የወላጅ ፈቃድ ለአዋቂ አካል ጉዳተኛ የሕግ መሥፈርት አይደለም። በራሱ ጉዳይ እንዳይወስን በፍርድ ቤት የተከለከለ ሰው ብቻ ከማግባቱ በፊት የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለመራመድ፣ ለማየት ወይም ለመስማት መቸገር ብቻውን ደግሞ ሰውን የተከለከለ አያደርገውም።

ስለ ፊልሙ ያለኝን ቅሬታም ልናገር። ዳይሬክተሩ ቤን ሌዊን ራሱ በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘውና በክራንች የሚሄድ ሰው ነው፤ ይህ በፊልሙ ቀልድ ውስጥ ይታወቃል፤ ማልቀስ ሲጠበቅብን ያስቀናል። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ጆን ሆክስ ግን አካል ጉዳት የለበትም፤ አከርካሪው የጎበጠ እንዲመስል ከጀርባው ሥር የስፖንጅ ኳስ እያደረገ ነው የሠራው። ትወናው ያስደንቃል፤ ሆኖም ዕድሉን ለአካል ጉዳተኛ ተዋናይ አለመስጠቱ በወቅቱም ተተችቷል፤ ትችቱም ትክክል ነው። ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይከፋል። ሸሪልን ሆና የተጫወተችው ሄለን ሃንት ለኦስካር የታጨችበት ይህ ፊልም የሴቷን ጤነኛ ገላ ሙሉ በሙሉ ያሳያል፤ የአካል ጉዳተኛውን ገላ ግን ይደብቃል። ማርክ በመስታወት ያየውን እኛ አናይም። ስለ ድፍረት የሚያወራ ፊልም እዚያች ላይ ፈርቷል።

ሦስተኛው፣ ታሪኩ የወንድ ነው። እኛ ዘንድ አካል ጉዳተኛ ወንድ ሥራ ካለው ከገጠርም ቢሆን ሚስት ሊፈለግለት ይችላል፤ «ቤት የሚይዝለት» ይባላል። አካል ጉዳተኛዋ ሴት ግን «ቤት እንዴት ትይዛለች?» ተብላ ትቀራለች። ማታ የሚመጣ፣ ቀን ፒያሳ ላይ ሲያገኛት የማያውቃት የሚመስል ወንድ የሚገጥማት እሷን ነው። ስትደፈር መስማት የተሳናት ከሆነች ቃሏን በምልክት ቋንቋ የሚቀበላት ጣቢያ ማግኘት ሌላ መከራ ነው፤ ያረገዘች እንደሆነ ደግሞ ሰፈሩ የሚጠይቀው «ማን ነው ያደረጋት?» ብሎ ነው፤ እሷም ፈቅዳ፣ ወዳ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ የለም። ጥበቃም ፈቃድም ለእሷ የሚገቡ ናቸው፤ አንዱን ለመስጠት ሌላውን መንጠቅ አያስፈልግም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው ጉዳይ ግን ፈቃድን በጥንቃቄ መመዘን ስለሚጠይቅ ለብቻው መጻፍ አለበት፤ እዚህ አላደባልቀውም።

ፊልሙን ለማየት ለምታስቡ፦ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ዕርቃን ገላና ግልጽ ንግግር አለበትና ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም። ማርክን ራሱን፣ ተዋናይ ሳይሆን እውነተኛውን ሰው፣ ማየትና መስማት የሚፈልግ ደግሞ ጄሲካ ዩ ስለ እሱ የሠራችውንና እ.ኤ.አ. በ1997 ኦስካር ያገኘውን አጭር ዘጋቢ ፊልም ይፈልግ። እኔ ዘጋቢውን አስቀድሜ ባየሁ ኖሮ እላለሁ፤ እዚያ ውስጥ ከብረት ሳንባው ወጥታ የምትሰማው ድምፅ የራሱ ናት።